ሚዛኑ 89 ላይ ቆመ፤ ስድስት ሳምንት ሆነው

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እያነበብኩ የምወጣ እንጂ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ግን ሆድ ብሶኝ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስከረም መጨረሻ የጨጓራ ቅነሳ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ ስሊቭ የሚሉትን። ስገባ 118 ኪሎ ነበርኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ኪሎው እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። ያስጠበብኩት ቀሚስ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ይሰፋኛል። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ እንጀራዋን በኔ በላች። የካቲት ላይ 89 ገባሁ። ከዚያ ቀጥ።

በየቅዳሜው ታክሲ ተራው አጠገብ ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ጋ እመዘናለሁ። አምስት ብር ነው። መርፌው ይንቀጠቀጥና 89 ላይ ይቆማል። በሚቀጥለው ቅዳሜም 89። አንዴ 88 ተኩል ብሎኝ መንገዱን ሁሉ ብቻዬን እየሳቅሁ ሄድኩ፤ በሳምንቱ 89 ተኩል ሆነ። አሁን ልጁ ራሱ ቁጥሩን ለምዶታል። ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የሚነግረኝ።

የምበላው እኮ የሕፃን ነው። አንድ ጭልፋ ወጥ አልጨርስም። ታዲያ ምንድን ነው ነገሩ? ጨጓራዬ ተመልሶ ሰፋ? ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ ስቃይ ለ29 ኪሎ ነው? እኔ 70 እገባለሁ ብዬ ነበር። እናቴ ደግሞ በቃሽ፣ አለቅሽ እያለች ታለቅሳለች። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ተጨማሪ፦ ይህን የጻፍኩት በኒቆዲሞስ ነበር፤ ዛሬ ቅዳሜ ስዑር ነው። የመልሱ ክር ረዘመ፣ አንዳንዱ መልስም ተሰረዘ። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ እስከ ታች መውረድ ሰልችቷቸው ያንኑ ጥያቄ መልሰው ይጠይቃሉ። ስለዚህ የመጣውን በየቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። አድልቼ ከሆነ ይቅርታ። አድልቻለሁም።

1ኛ። የለገጣፎ ልጅ ናት፤ አሥረኛ ወሯ ነው። በአይዞሽ ጀመረች። የሷም ሁለት ጊዜ ቆሟል፤ አንዴ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንዴ በስድስተኛው ወር። በሁለተኛው ላይ ሚዛኗን እንዳታየው ብላ ለጎረቤት ሰጠችው። ከዚያ በየማታው ቡና ልጠጣ እያለች ጎረቤት ቤት ሄዳ ትመዘን እንደነበር ራሷ አጋለጠች።

2ኛ። አንድ ሰው ስንት ከፈልሽ፣ የት ነው ያደረግሽው ብሎ ጠየቀ። አልመለስኩም። እዚህ የሆስፒታል ስም ሲነሳ ጠብ እንጂ ሌላ ነገር አይወጣም።

3ኛ። ይቺ በቀዶ ሕክምና ክፍል ብዙ ዓመት የሠራች ነርስ ናት። ከዚህ መልስ በኋላ ሁላችንም ሲስተር ነው ያልናት። መጀመሪያ ሁለቱን መቆም ለየችልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ የሚመጣው ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያስቀመጠው ስኳር አለ፤ ግላይኮጅን ይባላል። አንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ድንገት ሲያንስ መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው፤ ውሃውም ተከትሎት ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ጮቤ የሚያስረግጠው ቁጥር ብዙው ውሃ ነው ማለት ነው። ቆይቶ ሰውነት ውሃውን መልሶ ሲይዝ፣ ስቡ ከውስጥ እየቀነሰም ቢሆን ሚዛኑ አይንቀሳቀስም። የኔ ግን ሰባተኛ ወር ስለሆነ ሌላ ነው አለች።

ጨጓራዬ ሰፍቶ እንደሆነ ለጠየቅሁትም መለሰች። በስሊቭ ከጨጓራ 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው መጀመሪያ ላይ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ነው የሚይዘው። በኛ ቤት ልክ ሁለት ሲኒ ቡና ነው። ከጊዜ ጋር ትንሽ መለጠጡ አይቀርም፤ ተቆርጦ የወጣው ግን ተመልሶ አይበቅልም። ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞንም በብዛት የሚመረተው በወጣው ክፍል ነው። ይህን ሁሉ ካለች በኋላ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ፤ በቀን ስንት ግራም ፕሮቲን እንደምበላ፣ ስንት ሊትር ውሃ እንደምጠጣ፣ ኪሎው የቆመበትን ቀን። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አላውቃቸውም ነበር። ሦስተኛውን አውቀው ነበር፤ ግን ልቤ አላለውም።

4ኛ። ኢንጂነር መሰለኝ፤ ካልኩሌተር ይዞ ነው የመጣው። ከ118 ላይ 29 ኪሎ ማለት ሩብ ያህል ነው። ስሊቭ ያደረጉ ሰዎች በዓመት፣ በዓመት ተኩል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላ ክብደታቸው ከ25 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳሉ። እኔ በሰባት ወር እዚያው ደርሻለሁ። 70 ለመግባት ግን 40 በመቶ መቀነስ አለብኝ። ይህን ቁጥር ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር ከሠርጌ ፎቶ ነው ያመጣሁት።

ቀጥሎ የጻፈው ከሁሉም በላይ ገባኝ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ድሮ አራተኛ ፎቅ ስወጣ ዛሬ የሌለ አንድ ጀሪካን ተኩል ተሸክሜ ነበር። ስተኛም፣ ስቀመጥም፣ ወጥ ሳማስልም አላወረድኩትም። ያን ሁሉ ለመሸከም ሰውነቴ ብዙ ያቃጥል ነበር። አሁን ሸክሙ ወርዷል፤ የሚቃጠለውም አብሮ ወርዷል። በጥቅምት ኪሎ ያስቀነሰኝ ምግብ በመጋቢት ልክ የሚበቃኝ ሆኖ ቁጭ አለ። የሚገርመው ውሃ በሚጠፋበት ቀን እውነተኛውን ጀሪካን ይዤ ስወጣ ነው ይህ ትዝ የሚለኝ።

5ኛ። ይሄኛው ሰላም እንኳ አላለም። አቋራጭ የፈለገ ሰው መጨረሻው ይሄ ነው፤ ጠዋት ተነስቶ እንጦጦ የሚሮጥ ሰው ጨጓራውን አያስቆርጥም የሚል ነበር ነገሩ። ስንፍና የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ተጠቅሟል። ቆጥሬዋለሁ።

6ኛ፣ 7ኛ። ስድብ። የመጀመሪያው ትንሽ ያስቅ ነበር፤ ሁለተኛውን አስተዳዳሪው አነሳው።

8ኛ። ለ5ኛው በወጉ የመለሱት አንድ እናት ናቸው። ሰበታ አካባቢ ሱቅ አላቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ሕንድ ሄደው ባይፓስ የሚሉትን ሌላውን የጨጓራ ቀዶ ሕክምና አድርገዋል። ልጄ ብለው ነው የጀመሩት፤ ግን ልጄ ያሉት እኔን ሳይሆን እሱን ነው፤ አነጋገራቸውም የፍቅር አልነበረም። በ120 ኪሎ እንጦጦ መሮጥ ይቅርና ከታክሲ መውረድ ራሱ ምን እንደሆነ አስረዱት። ጉልበት እንዴት እንደሚያብጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ሲጠይቅ ምን እንደሚሰማ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሳምንታት በሾርባና በእርጎ መኖር፣ ዕድሜ ልክ ቫይታሚን መዋጥ አቋራጭ ከሆነ፣ ረጅሙን መንገድ እንዲያሳያቸው ጠየቁት። አልመለሰም።

9ኛ። አጭር ናት፤ ልቤን የሰበረችው ግን እሷ ናት። ልጁ ሚዛኑን ምን ላይ ነው የሚያስቀምጠው ብሎ ጠየቀ አንዱ። ኮብልስቶን ላይ ነው። በማግስቱ ሄጄ ልጁን ለመንኩትና ሱቁ በር ላይ ያለው ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠልኝ። ጃኬቴን አወለቅሁ፤ ቦርሳዬን እሱ ያዘልኝ። 91! ልጁም ደነገጠ፤ አምስት ብሩን አልቀበልም አለኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ 89 እያልኩ ያለቀስኩት በድንጋይ መሃል ለተንጋደደ ሚዛን ነው። በየሳምንቱ አንድ ቦታ እንኳ አያስቀምጠውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ ያው ሲሚንቶ፣ ያው ቀሚስ ሆነ። ሲስተርም የወር አበባ ሊመጣ ሲል ብቻ አንድ፣ ሁለት ኪሎ ሊጨምር እንደሚችል ከሥር አከለች። ጨው የበዛበት ምግብና የሆድ ድርቀትም እንደዚያው ናቸው።

10ኛ። ዲያቆን መሆኑን የነገረን ልጅ ዝም ብሎ ሳምንቱን ቆጠረ። ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ። ኪሎዬ የቆመው ሁዳዴ ሲገባ ነው! ሲስተር ቀኑን የጠየቀችኝ ለዚህ ነበር። የነቢያትን ጾም ሐኪም ከልክሎኝ ስላልጾምኩ፣ ሁዳዴን በእልህ ነበር የያዝኩት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም።

11ኛ። የራሴ መልስ ነው። ሲስተር ሦስት ቀን በአፌ የሚገባውን ሁሉ እንድጽፍ አዝዛኝ ነበር፤ አንዷን ፍሬ ፈንዲሻ ሳይቀር። ጻፍኩ። የማክሰኞው ይህ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ትልቅ ኩባያ በሶ፤ ደክሞኝ ስለነበር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ጨምሬበታለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጎረቤት ቡና አፈላች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። ፈንዲሻ ሁለት እፍኝ። ማታ ትንሽ ሽሮ በሩብ እንጀራ፣ አንድ የተቀቀለ ድንች። ውሃ፣ ሁለት ብርጭቆ። ይኸው ነው።

ለዓይን ጥቂት ነው። ኢንጂነሩ ግን ደመረው። ማሩና የቡናው ስኳር ብቻ ከ200 ካሎሪ በላይ ናቸው። ፕሮቲኑ 30 ግራም እንኳ አይሞላም። ሲስተር ደግሞ ቢያንስ 60 ግራም ነው የምትለው፤ ከዚያ ካነሰ ሰውነት ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ይበላል፤ ጡንቻ ሲያንስ ደግሞ ቁጭ ብለሽ የምታቃጥይው ይቀንሳል። እኔ እኮ በሶዬን እንደ መድኃኒት ነበር የማየው።

12ኛ። ሲስተር በሶን ነፃ አወጣችው። በሶ ጠላት አይደለም፤ ተበጥብጦ ሲጠጣ ግን ጨጓራው ሳያውቀው ያልፋል። እንደ ሊጥ ጠጠር ብሎ ታሽቶ ቢበላ ሁለት ጉርሻ ላይ ያቆም ነበር። ጭማቂም፣ ለስላሳም እንደዚያው ናቸው። የቀዶ ሕክምናው ሥራ ጠጣር ምግብን መያዝ ነው፤ ፈሳሽ ስኳር ቀዳዳውን ያውቀዋል። ቅደም ተከተሉን አስተካከለችልኝ፤ መጀመሪያ ወፍራም ምስር ወይም ባቄላ፣ ቀጥሎ ጎመን፣ ቦታ ከተረፈ እንጀራ። ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። የብረት ኪኒኔን ከቡና ጋር እንደምውጥ ስነግራት በጽሑፍም ቢሆን ስትቆጣ ታየኝ። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዱታል።

13ኛ። እዚህ ላይ ክሩ ተቀጣጠለ። አንዲት እህት ለኪሎ ተብሎ ጾም አይነካም፣ ይህ ሥጋን ማምለክ ነው አለች። ዲያቆኑ በትሕትና መለሰላት፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት፣ ይህን የሚወስነው ግን የነፍስ አባት እንጂ ኢንተርኔት አይደለም። እሷም አልተወችም፤ ራሱን ቆርጦ ያሳመመ ሰው ታማሚ አይባልም ብላ ጻፈች። ይህች ዐረፍተ ነገር አሁንም ታመኛለች።

14ኛ። አንድ ሙስሊም ወንድም የራሱን ነገረን። እሱም ስሊቭ ነው። በመጀመሪያው ረመዳን ሐኪሙ እንዳይጾም ነግሮት አልጾመም። ታማሚ እንደሚፈቀድለት ያውቃል፤ ቤተሰቡ ሲያፈጥር እሱ ቀን በልቶ አብሯቸው መቀመጥ ግን እንደ ሌባ አስቆጥሮት ነበር። በዘንድሮው ጾሟል። ያስቸገረው ረሃቡ ሳይሆን ውሃው ነው። ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ባለችው ሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ውሃ በሁለት ሲኒ ጨጓራ መጨረስ የሌሊት ሥራ ነው። ሰዓት እየሞላ፣ እየተነሳ ይጎነጭ ነበር።

15ኛ። ሃይማኖትና ኪሎ አትቀላቅሉ የሚል አንድ መስመር። እሱ ላይ ስድስት ሰው ተቆጣ።

16ኛ። የምስር፣ የባቄላ፣ የሽምብራ፣ የአኩሪ አተር ዝርዝር። አንድ ስኒ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ስኒ የተባለው የሻይ ኩባያ እንጂ የቡና ሲኒ አለመሆኑን ለማስረዳት ሦስት መልስ ፈጀ። ከዚያ ስለ ምስር ዋጋ ተጀመረ፤ እሱን ዘልዬዋለሁ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።

17ኛ፣ 18ኛ፣ 19ኛ። አንዱ ኪሎ የሚያስቀንሰውን መርፌ ሞክሪ አለ፤ ኦዘምፒክ። ከውጭ የሚያስመጣለት ሰው እንዳለም ነገረን። ሲስተር ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኪሎ ለቆመባቸው ሰዎች ሐኪሞች አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ መድኃኒት እንደሚያዙ አልካደችም። ግን በሐኪም ትእዛዝ፣ በክትትል። ያልተከፈተው መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። በሻንጣ የመጣ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ፍሪጅ ውስጥ የከረመ መርፌ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? 19ኛው የክብደት መቀነሻ ሻይ ማስታወቂያ ነበር፤ ከነስልኩ ተሰረዘ።

20ኛ። ጉልበቱን የሚያመው የባይፓስ ታካሚ ዳይክሎፌናክ እየዋጠ በእግሩ መሄድ መጀመሩን በደስታ ጻፈ። ሲስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ትሕትናዋን ጣለች። ባይፓስ ላደረገ ሰው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ቁስለት ያመጣሉ፤ ቁስለቱም ሊደማ ይችላል። ዛሬውኑ አቁም፣ ሐኪምህን ደውለህ ሌላ ማስታገሻ ጠይቅ። ሰውየው የፋርማሲው ልጅ ምንም አላለኝም ብሎ ተከራከረ። ለፋርማሲው ልጅ ባይፓስ ማድረግህን ነግረኸዋል ወይ አለችው። ዝም።

21ኛ። ፀጉር። በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መሃል የሚረግፈው ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ ፕሮቲኑና ብረቱ ካልጎደለ። ሹሩባ ስሠራ ሠሪዋ እጇ ላይ የቀረውን አይታ ዝም ማለቷን ጽፌ ነበር። የለገጣፎዋ ልጅ ራሷን በሻሽ የሸፈነችበትን ፎቶ ላከችልኝ፤ ከሥሩም የአሁኑን።

22ኛ። ይህ ከሁሉም የረዘመው ነው፤ የእናቴ ነገር ነው ያመጣው። በኛ አገር ወፈርሽ ማለት ተመቸሽ ማለት ነው። ከሳሽ ማለት ደግሞ ምን ነካሽ ነው። ከቡራዩ አንድ ሰው ቀዶ ሕክምናውን ለማንም ሳይናገር ነበር ያደረገው። 35 ኪሎ ሲቀንስ የእድሩ ሰዎች ወደ ጎን ጠርተው ደምህን ተመርምረሃል ወይ አሉት፤ በቅንነት። አንዲት ሴት ልቅሶ ቤት ሄዳ፣ ለቅሶውን ትተው የእጇን አንጓ እየጨበጡ ሲለኩ እንደነበር ጻፈች። ሌላዋ ባሏ ሰው ፊት አብሯት መሄድ ማፈሩን ነገረችን፤ ቤቱ የተራበ እየመሰለ።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ቅቤ ይዛ ነው የመጣችው፤ በጾም። ለፋሲካ ነው ብላ ፍሪጄ ውስጥ አስቀመጠችው። ማታ ማታ ፍሪጁን ከፍታ ታየዋለች፤ እኔንም ታየኛለች። ፊቴ ገብቷል፣ አንገቴ ላይ ቆዳው ተንጠልጥሏል፤ ይህን እኔም በመስታወት አየዋለሁ። እሷ ሚዛኑ ስለቆመ ስለት አስገብታለች ብዬ እጠረጥራለሁ። እኔ በስድስት ሳምንት አንድ ኪሎ አልወርድ ብሎኝ ሳለቅስ፣ እሷ በአንድ ጣራ ሥር በምስጋና ላይ ናት። ይህን ስጽፍ ብዙ ሰው ሳቀ። እኔ ግን ማንኛችን እንደተሸነፍን እስካሁን አልገባኝም።

ከ23ኛ እስከ 25ኛ። ከመንገድ ወጣን። ውሃ በስንት ቀን ይመጣል፣ የትኛው ብሎክ ፓምፕ አስገባ፣ ከኮየ ፈጬ ማታ ባጃጅ ይገኛል ወይ። አንዱ እንጦጦ 2,500 ሜትር ነው ብሎ ጻፈ። የ5ኛው ሰውዬ ብድግ ብሎ መጣ። ስለ ኪሎ አንዳች ነገር አላለም፤ ጫፉ ከ3,000 ሜትር እንደሚበልጥ አርሞ ሄደ። ትክክል ነው።

26ኛ። የሰበታዋ እናት ተመለሱ። አሁን ድምፃቸው ሌላ ነበር። ለሰውዬው የመለሱት ኩራት ነበር፤ ይሄኛው ንስሐ ይመስላል። በባይፓሱ 46 ኪሎ ቀንሰው ነበር። ከዚያ 14ቱ ተመለሰ። በጠረጴዛ ላይ የበሉት ነገር አልጨመረም፤ አሁንም ከግማሽ እንጀራ አያልፉም። ሱቃቸው ውስጥ ቆሎ ይሸጣሉ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሰፍረው ሲሰጡ ጥቂት ፍሬ ወደ አፍ፣ ሒሳብ ሲመልሱ ጥቂት ፍሬ። ጥቂት በጥቂት ስለሆነ ጨጓራው አይሞላም፣ አያማቸውም። አንድ ቀን ጠዋት ለራሳቸው አንድ ጣሳ ሰፍረው ለብቻ አስቀመጡና ከሱ ብቻ ወሰዱ። ማታ ሱቅ ሲዘጉ ጣሳው ባዶ ነበር። አሁን ቆሎውን የሚሰፍረው የእህታቸው ልጅ ነው። ከ14ቱ አምስቱ ሄዷል፤ በሁለት ዓመት።

27ኛ። የቫይታሚኑ ካፕሱል ከጄላቲን ነው፣ ጄላቲን ደግሞ ከእንስሳ ነው፣ ታዲያ ፍስክ አይሆንም ወይ የሚል ጥያቄ። ዲያቆኑ መድኃኒት መድኃኒት ነው ብሎ ዘጋው። የ13ኛዋ እህትም እዚህ ላይ ተስማማች፤ የሚገርም ነው።

28ኛ። እኔ ነኝ። የነፍስ አባቴ ጋ ሄድኩ። ብዙ ያስረዳሁ መስሎኝ ነበር፤ ከመጨረሴ በፊት ገባቸው። የጾም ምግቡን እንዳልተው፣ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳልቆይ ነገሩኝ፤ ጠዋት ጸልዬ እንድበላ። የቀረው የኔ ድርሻ ሆነ። ጠዋት ምስር፣ ቀን የባቄላ ፉል፣ ማታ ወፍራም ሽሮ ከአኩሪ አተር ጋር። አቦሉን በአንድ ማንኪያ፣ ቶናና በረካውን ያለ ስኳር። የመጀመሪያው ቀን በረካው እንደ ሬት ነበር። ጎረቤቴ ተጣልተን መስሏት ምን አደረግሁሽ አለችኝ።

29ኛ። ሲስተር ከሐኪሜ ጋ ቀጠሮ እንድይዝ፣ ደሜን እንድመረመር ላከችኝ፤ ቢ12፣ ብረት፣ ቫይታሚን ዲ፣ ታይሮይድ። ማስመለስ ከጀመርኩ ደግሞ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድሄድ። ለማክሰኞ ይዣለሁ።

30ኛ። የሲሚንቶው ሚዛን። በዕለቱ 91። የሆሳዕና ዋዜማ 90 ተኩል። ዛሬ ጠዋት 89 ተኩል። ልጁ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ፤ አላወቀም እንጂ ከድሮው 89 ይበልጣል። ኢንጂነሩ ወዲያው ሦስት ነጥብ መስመር አይሰራም ብሎ ጻፈ። ይጻፍ።

31ኛ። የለገጣፎዋ ልጅ ናት፤ ከሰዓት የገባ ነው። ለነገ ዶሮው ምን እናድርግ ትላለች። ሲስተር ቀድማ እንቁላሉን፣ ቀጥሎ ትንሽ ሥጋ፣ የቅቤውን ወጥ በጉርሻ ጫፍ ብቻ፣ እየቆረጡ፣ በዝግታ ብላናለች፤ ሃምሳ አምስት ቀን ቅባት ያላየ ጨጓራ በአንድ ሌሊት አይፈተንም። እሱ ገብቷታል። አሁን የምትጠይቀው ስለ ተልባው ነው፤ ሆድ ለማለስለስ ሌሊት ቀድመን የምንጠጣው ወፍራም ይሁን ቀጭን።

ቀጭን አድርጊው። ማሩንም ተይው።